በሩን ለመዝጋት አትቸኩሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በግብርና ዓምዳችሁ ስለ ዱር አሳማ ወጥመድ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጉዳዩን ማንሳቱ ደግ ነው። ማታ ደህና የተወው ማሳ ሲነጋ በሬ እንደዋለበት ተገለባብጦ ለሚጠብቀው ገበሬ ከዚህ የሚቀድም ጉዳይ የለም። ይሁንና ምክሩ መንገድ ላይ ቀርቷል። «የብረት ሣጥን አቁሙ፣ በቆሎ በትኑበት፣ ማታ አጥምዱ፣ ጠዋት ሂዱና ተመልከቱ» የተባለውን ያደረገ ሰው ሁለት ወይም ሦስት አሳማ መያዙ አይቀርም። ውጭ ቆመው ያዩትን አሥራ አምስቱን ግን በዚያው ሌሊት ወጥመድ ምን እንደሆነ አስተምሮ ይሸኛቸዋል።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አንድ የስም እርማት። ጽሑፉ እንስሳውን አንዴ «የዱር አሳማ»፣ አንዴ «ከርከሮ» ይለዋል። ከርከሮ ፊቱ ላይ ጉብታ ያለው፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ የሚሮጠው፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሣር የሚግጠው የአፍሪካ እንስሳ ነው፤ ቀን ይሰማራል፣ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ያድራል። እዚህ የምንነጋገርበት ግን ከቤት አሳማ ጋር ዝርያው አንድ ነው፤ ከጉረኖ አምልጦ ወይም ሆን ተብሎ ተለቅቆ ዱር የገባ፣ በየቦታውም ከአውሮፓ የጫካ አሳማ ጋር የተዳቀለ። ስፔናዊው ኤርናንዶ ዴ ሶቶ እ.ኤ.አ. በ1539 ፍሎሪዳ ሲወርድ አሳማዎች ይዞ ነበር፤ ዛሬ የአሜሪካን ደቡብ ያስቸገረው ችግር ሥሩ እስከዚያ ይደርሳል። ልዩነቱ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰው ሲያሳድደው ይህ አሳማ ፈጥኖ የሌሊት እንስሳ ይሆናል፤ ከርከሮን በሌሊት ወጥመድ የሚጠብቅ ሰው ግን ጉድጓዱ ውስጥ የተኛ እንስሳ ሲጠብቅ ያድራል።

አሁን ወደ መንጋው። የአሳማ መንጋ እናቶች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ጎልማሳው ወንድ ለብቻው ይዞራል፣ ለመራባት ብቻ ይቀላቀላል። እንስቷ ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ዕድሜዋ ለመራባት ትደርሳለች፣ 115 ቀን ገደማ ታረግዛለች፣ በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6፣ ምግብ ሲመቻት ከ10 በላይ ትወልዳለች። የአንድ አካባቢ ቁጥር እንዳይጨምር ብቻ በየዓመቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ መወገድ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ወጥመድ ውስጥ ቀድመው ዘለው የሚገቡት ዓመት ያልሞላቸው ጎረምሶች ናቸው፤ አሮጊቷ እናት ከውጭ ሆና ታሸታለች፣ ትዞራለች፣ ቀን ትቆጥራለች ማለት ይቻላል። በሩ በጎረምሶቹ ላይ ሲዘጋ እሷ ትቀራለች። በአራት ወር ውስጥ የተያዙትን ትተካቸዋለች፣ አዲሶቹም ከእሷ ጋር ሲያድጉ ወጥመድ መሸሽን ይለምዳሉ። ስለዚህ ሙሉውን መንጋ በአንድ ሌሊት መያዝ ካልተቻለ በሩን አለመዝጋት ይሻላል።

ተኩስም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው የሚዙሪ ግዛት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 በሚያስተዳድራቸው መሬቶች አሳማ ማደንን የከለከለው አሳማውን ሊጠብቅ ፈልጎ አይደለም። አዳኙ አንድ ሁለት ጥሎ የቀሩትን ወደ ጎረቤት መሬት ይበትናል፣ የባለሙያዎቹን የወጥመድ ሥራ ያበላሻል ብሎ ነው። በካሊፎርኒያዋ የሳንታ ክሩዝ ደሴትም ከ5 ሺህ የሚበልጡ አሳማዎች የጠፉት ደሴቲቱ በአጥር ለአምስት ከተከፈለች በኋላ፣ በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ወጥመድ፣ ከዚያ ሄሊኮፕተር፣ ከዚያ ውሻና አዳኝ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ኖሮ በወጥመዱ የሚያዝ ደፋር አሳማ ባልተገኘ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው በእግር ነው። አሳማ ስለማያልበው ሙቀት የሚያበርደው በጭቃ ነው፤ ጭቃ የሚንከባለልበትን ረግረግና ከዚያ ወጥቶ የሚታከክበትን ዛፍ ፈልጉ። ግንዱ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ቁመት የእንስሳውን ቁመት ይነግራል፤ ጭቃው እርጥብ ከሆነ ትናንት ማታ ነበር ማለት ነው። ዱካው ከድኩላ ዱካ ጋር ይመሳሰላል፣ ግን ጫፉ ዶልዷማ፣ ቅርጹ ሰፋና ክብ ያለ ነው፣ ለስላሳ መሬት ላይም የኋለኞቹ ትንንሽ ጥፍሮች ከወደ ጎን ይታተማሉ። ወጥመዱን ማሳው መሐል አትትከሉ። ከሚተኙበት ጥሻ ወደ ማሳው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጥሻው ጠርዝ አጠገብ፣ ጥላ ባለበት፣ ጎርፍ በማይተኛበት ደልዳላ ቦታ ላይ ይሁን። ከመንገድ የማይታይ፣ ግን መኪና የሚደርስበት። የተያዘውን ነገር ማንሳት እንዳለ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከተያዘ በኋላ ነው።

ከዚያ የሚመጣው መመገብ ነው፣ ወጥመድ ሳይኖር። ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ ከ3 እስከ 5 ኪሎ በቆሎ አስቀምጡና እያንዳንዱ ላይ በሌሊት የሚያነሳ ካሜራ ስቀሉ። ካሜራው ከምግቡ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይራቅ፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አይዙር፤ የማለዳና የምሽት ፀሐይ ሥዕሉን ያነጣዋል። መንጋው ሦስት ሌሊት በተከታታይ የመጣበት ቦታ ተመርጦ የሌላው ቦታ ምግብ ይነሣል። በዚህ ሳምንት የምትሠሩት ትልቁ ሥራ ቆጠራ ነው። ስንት እናት፣ ስንት ጎረምሳ፣ ስንት ግልገል፤ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ጆሮዋ የተቀደደው፣ ቀይዋ እየተባለ ይጻፍ። ቁጥሩን የማያውቅ ሰው በሩን መቼ እንደሚዘጋ ማወቅ አይችልም።

ደረቅ በቆሎ ይበቃል፣ የተብላላ ግን ይመረጣል። 20 ሊትር ባልዲ እስከ ሁለት ሦስተኛው በቆሎ ይሞላል፣ ውኃው ከበቆሎው በላይ አንድ ጣት ያህል እስኪቆም ይጨመራል፣ ሁለት እፍኝ ስኳር ይገባበታል፣ ክዳኑ ላላ ተደርጎ ጥላ ሥር ከ3 እስከ 5 ቀን ይቀመጣል። በቆሎው ያብጣል፣ ጋዝም ይወጣዋል፤ ክዳኑን አጥብቆ የዘጋ ሰው ባልዲውን ፈንድቶ ያገኘዋል። ጎምዛዛው ሽታ ሩቅ ይሄዳል፣ ሌሎችን እንስሳት ግን ብዙም አይስብም። የሻገተ በቆሎ ለአሳማ ምን አለበት ብላችሁ አታውጡ፤ በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ወፎችንና ሌሎች እንስሳትን ይጎዳል። ላምና በግ የሚሰማራበት መሬት ከሆነ ደግሞ ቦታው በሽቦ መታጠር አለበት። አመንዣኪ እንስሳ ያልለመደውን እህል በብዛት ሲበላ ጨጓራው ውስጥ አሲድ ይበዛና ሊሞት ይችላል። አሳማውን ከሥሩ የሚያሳልፍ፣ ላሙን የሚያግድ አጥር ከመሬቱ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በተዘረጋ ሁለት መሥመር ሽቦ ይሠራል፤ በግ ግን ከሥሩ ሊሾልክ ይችላልና ለበግ ይህ አይበቃም።

አሁን ጉረኖው፣ ማለትም በሣጥኑ ፋንታ ሙሉውን መንጋ የሚይዘው ክብ ወጥመድ። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ90፣ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ የብረት ፍርግርግ 6፤ የብረቱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የዓይኑ ስፋት ከ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ። ዓይኑ 15 ከሆነ ግልገሎቹ ሾልከው ይወጣሉ፤ ሾልከው የወጡት ደግሞ ነገ የሚሸሹት ናቸው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቋሚ 25 ያስፈልጋል፤ በየ1 ሜትር ከ20 ልዩነት ይተከላል፣ ግማሽ ሜትሩ መሬት ይገባል። አሸዋ ከሆነ ልዩነቱን አጥብቡ፣ ቋሚውንም አርዝሙ። የፍርግርጎቹ ጫፎች 30 ሳንቲ ሜትር ተደራርበው፣ ድርርቡ ላይ ሁልጊዜ ቋሚ ይቁም። 2 ሜትር ከ40 ስፋት ያለው በር ሲጨመርበት ዙሪያው 30 ሜትር ገደማ፣ ከግድግዳ ግድግዳ 9 ሜትር ተኩል ያህል ክብ ይሆናል፤ ሃያ ምናምን የሚሆን መንጋ ሳይፈራ የሚገባበት ስፋት ነው።

ክብ መሆኑ ለውበት አይደለም። ማዕዘን ካለ የተያዙት እዚያ ይከማቻሉ፤ ከሥር ያሉት ግልገሎች ይታፈናሉ፣ ከላይ ያሉት በሌላው ጀርባ ተራምደው ይዘላሉ። ቋሚዎቹ ከፍርግርጉ ውጭ ይቁሙ፤ አሳማው ከውስጥ ሲገፋ ፍርግርጉ ቋሚው ላይ ይደገፋል። ቋሚው በውስጥ በኩል ከሆነ ግን ኃይሉን ሁሉ የሚሸከመው ማሰሪያው ሽቦ ነው፣ ሽቦው ይበጠሳል። እያንዳንዱ ቋሚ ላይ ከአራት ቦታ ያላነሰ ማሰሪያ ይኑር፣ የታችኛው ከመሬት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይራቅ። አሳማ አጥር የሚያሸንፈው በአፍንጫው ከሥር አንሥቶ ነውና ከአራቱ አንድ ብቻ ማጥበቅ የሚችል ሰው ታችኛውን ያጥብቅ። የሽቦው ጫፍ ወደ ውጭ ይታጠፍ። ከታች መሬቱ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ካለ ድንጋይ ከመደርደር ፍርግርጉን ቆፍሮ ማውረድ ይሻላል፤ ድንጋይ ለአሳማ መጫወቻው ነው።

የበሩ ዓይነት ብዙ ነው፣ ከላይ የሚወድቀው ቀላሉና አስተማማኙ ነው። በሐዲዱ ላይ ያለ እንከን እንዲወርድ ቅባት ይነካ፣ ከወደቀ በኋላም ከሥር ተነሥቶ እንዳይከፈት ራሱ የሚቆለፍ ምላስ ይኑረው። ጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያላነሣው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የበሩ ሥር። መሬት ላይ የተጋደመ የብረት አግዳሚ ካለ ጎረምሶቹ ይሻገሩታል፣ አሮጊቷ ግን ሳምንት ሙሉ ታሸተዋለች እንጂ እግሯን አታነሣም። አግዳሚውን መሬት ውስጥ ቅበሩት፣ አፈር መልሱበት፣ ደህና አድርጋችሁ እርገጡት። ብዙ ጊዜ ወጥመዱ «አልሠራ አለ» የሚባለው በዚህ በአምስት ሳንቲ ሜትር ብረት ምክንያት ነው።

ቃታውን፣ ማለትም በሩን የሚጥለውን ነገር፣ በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሰው ራሱ ካሜራውን በስልኩ እያየ በሩን ከሩቅ የሚዘጋበት ነው፤ ኔትወርክ ያለበት ቦታና ሌሊት ነቅቶ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል፤ ለሙሉ መንጋ ከሁሉ ይህ ይመረጣል። ሁለተኛው እንስሳው ራሱ የሚዘጋው ነው። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ አጠገብ ሽቦ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይዘረጋል፣ ምግቡ ከሽቦው ጀርባ ይቀመጣል። ከፍታው ለትልቁ አሳማ የተመጠነ ነው፤ ዝቅ ካለ ግልገሉ ወይም ሌላ ትንሽ አውሬ ነክቶ በባዶ ያስዘጋዋል። የበለጠ መዘግየት የሚፈልግ ሰው ከምግቡ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ ያጋድምና ገመዱን ከጎማው ጋር ያስር። ጎማ የሚገለብጠው ጉልበት ያለው አሳማ ነው፣ እሱም የሚገለብጠው ዙሪያው ያለው እህል ካለቀ በኋላ ነው። እስከዚያ የቀሩት ይገባሉ። ገመዱ በዝናብ የማያጥር፣ በፀሐይም የማይላላ ይሁን፤ የጥጥ ገመድ ረጥቦ ሲያጥር በሩን ማንም ሳይነካው ይጥለዋል።

ግንባታው በአንድ ቀን አይለቅ። መጀመሪያ ሦስት ፍርግርግ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይተከልና ምግቡ መሐሉ ይደረግ፤ ሦስት አራት ሌሊት ያለ ፍርሃት ከበሉ ቀሪው ይጨመር። በሩ ተነሥቶ፣ በሽቦ ታስሮ፣ ቃታው ሳይገጠም ይቆይ። ከበሩ ውጭ የሚቀመጠው እህል በየቀኑ ይቀንስ፦ መጀመሪያ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ፣ ከዚያ ውጭ አንድ እፍኝ፣ በመጨረሻ ውጭ ምንም። ውጭ እህል እያለ የምታመነታው እናት ለመግባት ምክንያት የላትም። ዝርዝራችሁ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ውስጥ ገብተው ከታዩ በሦስተኛው በሩ ይጠመድ። ከመጀመሪያው እፍኝ በቆሎ እስከዚህ ሌሊት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። 17 ቆጥራችሁ 15 ገብተው ሁለቱ ውጭ ከቆሙና ሁለቱም እናቶች ከሆኑ አትዝጉ፤ መግቡና ነገ ተመልከቱ። ይህን ለማለት ቀላል ነው፣ በስልክ መስኮት ላይ 15 አሳማ እያዩ ጣትን መሰብሰብ ግን ከባድ ነው።

የሚያበላሹት ነገሮች ተደጋጋሚ ናቸው። አዝመራ በደረሰበት ወይም የጫካ ፍሬ በወደቀበት ሰሞን የተጠመደ ወጥመድ ባዶ ይከርማል፤ ጥሩው ጊዜ የተፈጥሮ ምግብ የሚያጥርበት ነው። በየቀኑ ሦስት ሰው እየሄደ የሚጎበኘው ወጥመድ የሰው ሽታ ይሸከማል፣ አሳማ ደግሞ ዓይኑ ደካማ አፍንጫው ብርቱ ነው፤ አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ይሂድ፣ ቢቻል ቀትር ላይ። በምግብ ሳምንት አካባቢው ላይ ጥይት ከተተኮሰ ወይም ውሻ ከተለቀቀ ቆጠራው ከዜሮ ይጀመራል። የጎረቤት ስምምነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የመንጋው መኖሪያ የማንንም የመሬት ድንበር አያውቅም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ጎህ ሲቀድ መድረስ ግዴታ ነው። ላብ የሌለው እንስሳ ፀሐይ ላይ ተከማችቶ ሲራወጥ በሙቀት ይሞታል፣ ይህም ጭካኔ ነው። ሰው ሲያዩ በሙሉ ክብደታቸው አጥሩን ይመታሉና በዝግታ፣ ያለ ውሻ፣ ያለ ወሬ ይቀረብ። ግድያው የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፦ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ፣ በፍጥነት፣ ጭንቅላትን፣ ጥይቱ ብረት መትቶ እንዳይመለስ አቅጣጫ ተጠብቆ። ከዚያ በፊት የአገሩ የዱር እንስሳት ሕግና የጦር መሣሪያ ሕግ የሚለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከነሕይወት ጭኖ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ግን በምንም ምክንያት አይደረግ። ይህ እንስሳ ብዙ አዲስ ቦታ የደረሰው በእግሩ ሳይሆን በሰው መኪና ተጭኖ ነው።

ሬሳውን በባዶ እጅ የሚነካ ሰው ብሩሴሎሲስና ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባሉ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ሊይዙት ይችላሉ፤ ወፍራም ጓንት ይጠለቅ፣ ቁስል ይሸፈን፣ ሆድ ዕቃው ለውሻ አይጣል። ስዩዶራቢስ የሚባለው በሽታ ሰውን የሚይዘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፣ ውሻን ግን ይገድላል። የቤት አሳማ የሚያረባ ሰው ደግሞ ከወጥመድ ተመልሶ ጫማና ልብስ ሳይቀይር በረቱ አይግባ። እ.ኤ.አ. በ1921 ኬንያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ክትባት ያልተስፋፋለት፣ የቤት አሳማን የሚፈጅ ነው፤ ቀደም ሲል ያነሣነው ከርከሮ ግን ምልክት ሳያሳይ ይሸከመዋል። ሬሳው ከውኃ ርቆ፣ ጅብና ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

ካሜራው ከተያዙ በኋላም ሁለት ሳምንት ይቆይ። ጉረኖው በሩ ታስሮ እንደተከፈተ ይተው፣ ትንሽ እህልም አይቋረጥ። አዲስ መንጋ ከመጣ ሥራው ከምግቡ ይጀመራል። ብቸኛ ወንድ ከመጣ ጽሑፋችሁ ያወደሰው ሣጥን ወጥመድ ጊዜው ያኔ ነው፤ ለአንድ እንስሳ ጉረኖ መትከል ድካም ነው። ከዝርዝሩ የቀረች አንዲት እናት ብቻዋን ስትዞር ከታየች ግን ወጥመድ አትሞክሩባት፤ በሩ ሲወድቅ ድምፁን ሰምታለች። በእህሉ ላይ ጥሩ ተኳሽ ይጠብቃት፤ ተኩሱ የሚበትነው መንጋ የላትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የግብርና ዓምዳችሁ የዘወትር አንባቢዎች